መድሃኒቱ ከእንጨቱ እንዳይታጠብ፦ ባህር ዛፍና ቀርከሃ ለምትጠቀሙ

የባህር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ ጥቂት ክረምት ሳያልፍበት ከአፈሩ ጋ ተቆርጦ ሲወድቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ብቀባው ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግማሽ ነው። እንጨት ውስጥ መድሃኒት ማስገባት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው እዚያው እንዲቆይ ማድረግ ነው። አብዛኛው የእንጨት መድሃኒት በውሃ ተበጥብጦ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ እንጨቱ ውስጥ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ከሌለ ሐምሌና ነሐሴ መልሰው ያወጡታል፣ እናንተም ለመድሃኒቱ ያወጣችሁት ብር ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር መልሱ። እንጨቱ የት ነው የሚውለው? አፈር ውስጥ፣ ዝናብ ላይ ወይስ ቆርቆሮ ስር? መድሃኒቱስ እንጨቱን ይይዛል ወይስ አይዝም?

መጀመሪያ እንጨቱን

አንድ አጣና ቁረጡና ጫፉን እዩ። ዳር ዳሩን ነጣ ያለ ቀለበት አለ፣ መሃሉ ደግሞ ጠቆር ወይም ቀላ ይላል። ውሃ የሚጠጣው ዳሩ ነው። መሃሉ ያሉት የውሃ መተላለፊያ ቱቦዎች ዛፉ ሲያረጅ ስለሚደፈኑ በትልቅ ግፊት እንኳ መድሃኒት በቀላሉ አይገባቸውም። ይቺን ነገር ካወቃችሁ ብዙ ስህተት ይቀርላችኋል፦ ክቡን አጣና ጠርቦ አራት ማዕዘን አድርጎ መድሃኒት መንከር ማለት የሚጠጣውን ክፍል ጥሎ የማይጠጣውን መንከር ማለት ነው። ለአጥር ቋሚ ከሆነ ክቡን እንዳለ ተጠቀሙ።

ቅርፊቱ ይላጥ፣ ከስሩ ያለው ቀጭን ልጥ ጭምር። ትንሽ ልጥ የቀረበት ቦታ መድሃኒት አያስገባም፣ ምስጥ ደግሞ ያቺን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። ባህር ዛፍ እንደተቆረጠ ቢላጥ ቶሎ ይለቃል፤ ሳምንት ካደረ ግን ጉልበት ይጨርሳል።

ከዚያ መድረቁ አለ። እዚህ ላይ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። በግፊት፣ ማለትም በዝግ ጋን ውስጥ መድሃኒቱ በኃይል ተገፍቶ የሚነከር እንጨት መድረቅ አለበት፣ ምክንያቱም በራሱ ውሃ የተሞላ እንጨት ለመድሃኒት ቦታ የለውም። በተጨማሪ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ጫፉ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ ከመነከሩ በፊት ቢመጣ መድሃኒቱ ስንጥቁ ውስጥም ይገባል፣ ከተነከረ በኋላ ቢመጣ ግን ምስጡ በስንጥቁ መድሃኒት ወዳልደረሰው መሃል ቀጥ ብሎ ይገባል። ቦሮን (ቦራክስና ቦሪክ አሲድ) ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እሱ የሚጓዘው እንጨቱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ስለሆነ እርጥብ እንጨት ይፈልጋል። የእርጥበቱ መጠን ከ30 ከመቶ በታች ከወረደ ጉዞው ይቆማል ማለት ይቻላል።

የትኛው ይቆያል፣ የትኛው ይታጠባል

የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ከጋራዥ በነፃ ወይም በርካሽ ስለሚገኝ ሁሉም ይቀባዋል። ጥቁር ሆኖ ሲታይ የሠራ ይመስላል፣ ነገር ግን ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። ቢላ ወስዳችሁ አንድ ጥፍር ያህል ብትፍቁት ነጭ እንጨት ታገኛላችሁ። ምስጥ ለተወሰነ ጊዜ ሊሸሸው ይችላል፣ ስንጥቅ ካገኘ ግን ጉዳዩም አይደለም። ከዚያ በላይ ውስጡ ከሞተር የወጣ ብረታ ብረትና ካንሰር አምጪ ነገር ስላለ ከጓሮ ጎመናችሁ አጠገብ የሚቀባ ነገር አይደለም። እኔ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብም እንደዚያው። የከሰለውን ራሱን ምስጥ አይበላውም፣ ልክ ነው፤ ግን ከከሰሉ ስር ያለው እንጨት ያው እንጨት ነው፣ ከሰሉም ሲሰነጠቅ መግቢያ ይሆናል። በዚያ ላይ ቋሚው ቀጥኗል።

ቦራክስና ቦሪክ አሲድ። ሁለቱም ቦሮን ናቸው። ምስጥንም፣ ነቀዝንም፣ ሻጋታንም ይገድላሉ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲነፃፀሩ ለሰው ብዙም አይከፉም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ እንጨቱ ውስጥ ጠልቀው ይሄዳሉ። ችግራቸው አንድ ነው፤ ከእንጨቱ ጋር አይያዙም። እንደ ጨው ናቸው፣ ውሃ ካገኙ መልሰው ይሟሟሉ። አፈር ውስጥ የተተከለ ቋሚ ላይ ቦሮን መጠቀም ገንዘብ መጣል ነው። ቆርቆሮ ስር ላለ ወራጅ፣ ለኮርኒስ ሞራሌ፣ ለበር፣ ለአልጋ፣ ቤት ውስጥ ለሚውል ቀርከሃ ግን ከሱ የተሻለ አላውቅም።

ኮፐር ሰልፌት፣ ያ ሰማያዊው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኦገስት ቡሽሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እርጥብ ግንድ ውስጥ አስገብቶ የዛፉን ፈሳሽ በመድሃኒቱ የመተካት ዘዴ አምጥቶ ነበር፣ የድሮ የቴሌግራፍ ምሰሶዎች የተነከሩት በዚህ ነው። ሻጋታን ይከላከላል። ለብቻው ሲሆን ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ሚስማርና ሽቦም ይበላል። የምትነክሩበት በርሜልም ብረት ከሆነ እሱንም ይበላዋል።

ሲሲኤ። ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ አንድ ላይ ናቸው። ይህን ያመጣው ህንዳዊው ሶንቲ ካመሳም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1933። ብልሃቱ ክሮሚየሙ ላይ ነው። ክሮሚየሙ በራሱ ምስጥ ለመግደል ሳይሆን ሌሎቹን ለማሰር ነው የገባው፤ እንጨቱን ሲያገኝ መልኩን ይቀይርና መዳቡንና አርሴኒኩን በውሃ ወደማይሟሟ ነገር ይለውጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣ የሚወስደው ትንሽ ነው። ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ክሪዮዞት ደግሞ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ጥቁር ዘይት ነው። ከውሃ ጋር ስለማይስማማ በዝናብ ብዙም አይታጠብም፣ ለስልክና ለመብራት ምሰሶ፣ ለባቡር ሀዲድ እንጨት በዓለም ዙሪያ ዘመናት አገልግሏል። ግን በፀሐይ ይወዛል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ካንሰር አምጪ ነው፣ ቤት ውስጥና ልጆች በሚነኩት ቦታ አይገባም። በርሜል ውስጥ አሙቆ የመንከር ዘዴም አለው፤ ጭሱና እሳቱ ግን ጊቢ ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

የጣሪያ እንጨትና ቀርከሃ፦ በቦሮን እንዴት ይነከራል

ይህንን ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

100 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ፣ 6 ኪሎ ቦራክስ፣ 4 ኪሎ ቦሪክ አሲድ። ሁለቱን መቀላቀሉ ትርፍ ነገር አይደለም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ለየብቻቸው ከሚሟሙት በላይ ይሟሟሉ። ከስር ነጭ ነገር ከረጋ ውሃው ቀዝቅዟል ማለት ነው፣ ሞቅ አድርጋችሁ አማስሉት። በርሜል ለረጅም እንጨት አይበቃም፣ ስለዚህ ረዘም ያለ ጉድጓድ ቆፍሩና ወፍራም ላስቲክ አንጥፉበት። እንጨቱ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጫኑበት፣ ሲጎድል ሙሉት፣ ዝናብ እንዳይገባውና ልጅ ወይም ከብት እንዳይደርስበት ክደኑት።

እርጥብ የተላጠ አጣና ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይንከር። ከዚያ የሚመጣውን ክፍል ነው ሰው የሚዘለው። ስታወጡት መድሃኒቱ ገና ዳር ላይ ነው። ጥላ ስር ደርድሩትና በላስቲክ ጠቅልላችሁ እርጥብ እንደሆነ አቆዩት፤ ጥቅም ላይ የቆየው የእንጨት ባለሙያዎች ልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ቦሮኑ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይጓዛል፣ በግፊት የማይገባበት መሃል ጭምር የተወሰነ ይደርሰዋል። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ግን ላዩ ይደርቅና ጉዞው መንገድ ላይ ይቀራል።

ቀርከሃ ትንሽ ይለያል። የደጋውም ይሁን የቤኒሻንጉሉ ሽመል ውስጡ ስታርች ስላለው የነቀዝ ምግብ ነው፤ ከስሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ሲራገፍ ያያችሁት እሱ ነው። የቀርከሃ ቆዳ ውሃ አያስገባም፣ ከውጭ ብትቀቡት ቀለም ነው። የደጋው ውስጡ ባዶ ስለሆነ በረጅም ብረት አንጓዎቹን ከላይ እስከ ታች ብሱና መድሃኒቱ በውስጥ በኩል እንዲገባ አድርጉ። የቆላው ብዙውን ጊዜ ድፍን ስለሆነ ሰንጥቆ መንከር ይቀላል። ትኩስ የተቆረጠ ይሁን፤ የደረቀ ቀርከሃ መንከር ድካም ነው።

ሲያልቅ ትርፉን ጓሮ አትድፉት። ቦሮን ሲበዛ ተክል ያደርቃል፣ ሎሚያችሁ ቀድሞ ያሳብቅባችኋል። ለሚቀጥለው ንክር አስቀምጡት፣ የተቀነሰውን ዱቄት እየጨመራችሁ።

እና የእርድ ፈተና። መድሃኒቱ ምን ያህል እንደገባ ለማየት ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ዋናው ነገር ኩሽና ውስጥ አለ። አንድ ማንኪያ እርድ ትንሽ ንፁህ አልኮል ውስጥ በጥብጡ፣ አሳድሩና ከላይ ያለውን ቢጫ ፈሳሽ ቅዱ። ከተነከረው እንጨት መካከል አንዱን ቁረጡ፣ የተቆረጠው ፊት ይድረቅ፣ ቢጫውን ቀቡት፣ ሲደርቅ ደግሞ ጓንት አድርጋችሁ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በብሩሽ ዳሰስ አድርጉት። ቦሮን ያለበት ቦታ ወደ ቀይ ይቀየራል፣ የሌለበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አሲዱን አትዝለሉት፤ እርድ ሳሙናና አመድ ሲነካም ስለሚቀላ ያለ አሲዱ ራሳችሁን ታታልላላችሁ። ቀይ ቀለበት ብቻ ካያችሁ እና መሃሉ ሰፊ ቢጫ ከሆነ ላስቲኩን መልሱና ጠብቁ።

አፈር ውስጥ ለሚተከል፦ የተነከረ መግዛት

የሲሲኤ ጨው ገዝታችሁ ቤት አትበጥብጡ። አርሴኒክ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በግፊት ነክሮ ከሚሸጥ ቦታ ግዙ፣ ስትገዙ ግን አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። አረንጓዴነት መዳብ እንዳለው እንጂ ስንት እንዳለውና እንደያዘ አይነግራችሁም። ሻጩን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መቼ ተነከረ? ከተነከረ በኋላ የት ተቀመጠ? በኪዩቢክ ሜትር ስንት ኪሎ ይዟል? ለማነፃፀር፣ በአሜሪካ ደረጃ አፈር የሚነካ የአጥር ቋሚ በኪዩቢክ ሜትር 6.4 ኪሎ ግራም ሲሲኤ መያዝ አለበት። «ሙሉ ነው፣ አይዞህ» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ሻጭ ሞክሩ።

«መቼ» የሚለው ከሁሉ ይበልጣል። ክሮሚየሙ ሥራውን እስኪጨርስ በ20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ሙቀቱ ወደ 50 እና 60 ከወጣ በሰዓታት ያልቃል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ድሬዳዋ የተነከረና ደብረ ብርሃን በኅዳር ብርድ የተነከረ እኩል ቀን ቢቀመጡ እኩል አይዙም። ትናንት የተነከረ ቋሚ ዛሬ ጭኖ በዝናብ መትከል ደግሞ መድሃኒቱን ለአፈሩ መስጠት ነው፤ ያልያዘው ክሮሚየም ዓይነቱ በጣም መርዛማው ስለሆነ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል።

መያዙን ለማየት ጓንት አድርጉና ነጭ እርጥብ ጨርቅ ቋሚው ላይ ጫን አድርጋችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከመጣ አልያዘም። ይህ ላዩን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ቢጫ መምጣቱ «አይሆንም» ማለት ነው፣ አለመምጣቱ ግን «ይዟል» ማለት አይደለም። አምጥታችሁት ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ዝናብ እንዳይነካው ክደኑት፣ በቆላ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ጠቅልሉት፤ ሥራው እርጥበትም ይፈልጋል። በደጋ ወር ስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሲሲኤ ሻጮች ብዙ አያወሩትም። ባህር ዛፍና መሰሎቹ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ውስጥ መድሃኒቱ እንደ ፓይን እንጨት እኩል አይሰራጭም፤ ቱቦዎቹ ውስጥ ይበዛና ጥንካሬ የሚሰጡት ክሮች ግድግዳ ላይ ያንሳል። ያንን ክፍተት የሚጠቀም ሻጋታ አለ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ከውጭ ወደ ውስጥ እንጨቱን እያለሰለሰ የሚሄድ። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሲሲኤ የተነከሩ የባህር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ትልቅ ራስ ምታት ሆኖ ነበር። ስለዚህ የተነከረም ቢሆን በየሁለት ዓመቱ ከቋሚው ስር አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቆፍራችሁ በካቻቪት ወጋ አድርጉት። ከሰመጠ ጀምሯል። ከመሬት በላይ ያለውን መንካት ምንም አይነግራችሁም፤ የሚበሰብሰው አየርም ውሃም በሚያገኝበት፣ ከአፈሩ ወለል ትንሽ ዝቅ ባለው ቦታ ነው።

አተካከል

የተነከረውን ጫፍ አትቁረጡ። ግድ ማሳጠር ካለባችሁ የተቆረጠው ወደ ላይ ይሁንና የቆርቆሮ ባርኔጣ አድርጉለት። ውሃ የሚገባውም መድሃኒት የሚወጣውም በብዛት በተቆረጠ ጫፍ በኩል ነው። ምስማር ከመምታት በፊት መብሳት ካለባችሁም ከመነከሩ በፊት ቢበሳ ጥሩ ነው።

ጉድጓዱ ስር ጠጠር ጨምሩ፣ ውሃ እንዲያልፍ። ብዙ ሰው ስሩን በኮንክሪት እንደ ስኒ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ቋሚው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። ኮንክሪት ካስፈለገ ዙሪያውን ይሁን፣ ታቹ ክፍት ይቅር፣ ላዩ ደግሞ ከቋሚው ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። በበረት አካባቢ ከሆነ ፍግ ከቋሚው አርቁ፤ ከበሰበሰ ነገር የሚወጡ አሲዶች በደንብ የያዘውን ሲሲኤ እንኳ መልሰው ያላቅቃሉ።

ሬንጅ መቀባት ይረዳል፣ ግን በሰዓቱ። መድሃኒቱ ይዞ፣ እንጨቱ ደርቆ፣ ከአፈሩ ወለል በላይና በታች አንድ አንድ ስንዝር። እርጥብ እንጨት ላይ ከቀባችሁ ውሃውን ውስጥ ቆልፋችሁበታል።

በጀቱ ለተነከረ ካልበቃ የምመክረው ቋሚውን ጨርሶ አፈር አለማስነካት ነው። ዝቅተኛ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት፣ ላዩ ላይ የብረት መያዣ፣ ቋሚው ከዚያ ላይ። ወይም ጥድ ወይም ወይራ ካገኛችሁ፣ የበሰለው መሃላቸው በተፈጥሮ ለምስጥ ከባድ ነው፤ ግን የሀገር ዛፍ ስለሆኑ ከየት እንደመጡ ጠይቁ።

ለማያምን፦ የውሃ ፈተና

ላቦራቶሪ ውስጥ መታጠብ የሚለካው ጎናቸው 19 ሚሊ ሜትር የሆኑ ትንንሽ የተነከሩ ኪዩቦችን ለ14 ቀን ውሃ ውስጥ በማስቀመጥ ነው፤ ውሃው ከ6፣ ከ24 እና ከ48 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ48 ሰዓቱ ይቀየራል፣ የተደፋው ውሃ ይመረመራል። ያንኑ ቤት አድርጉት። ከተነከረው እንጨት ስስ ቁራጮች ውሰዱ፣ ግማሹን በዚህ አካሄድ በማይፈለግ ጠርሙስ ውስጥ እጠቡ፣ ግማሹን ደረቅ አስቀምጡ። ቦሮን ከሆነ ሁለቱንም በእርድ ፈትኑ፣ የታጠበው ቢጫ ሆኖ ስታዩት ለምን አፈር ውስጥ እንደማይሆን ይገባችኋል። መዳብ ያለው ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ውሃዎች ቀለም እዩ፤ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መድሃኒቱ እየወጣ ነው። ይህ ከእውነተኛው ቋሚ የከፋ ፈተና ነው፣ ትንሽ ቁራጭ ቶሎ ይታጠባልና፣ ግን ሁለት መድሃኒት ለማወዳደር ይበቃል።

ምስጥ በሚበዛበት ሀገር፣ በወለጋ ወይም በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ምንም ያልነካውንም ምልክት አድርጋችሁ ኩይሳ አጠገብ ቅበሩ። ያልተነከረው ተበልቶ ካልተገኘ ፈተናው አልሠራም ማለት ነው፣ ቦታ ቀይሩ።

ቁርጥራጩ

የተነከረ እንጨት ማገዶ አይሆንም። ምጣድ ስር፣ ከሰል ማክሰያ ውስጥ፣ የትም። ሲሲኤ ሲቃጠል ከፊሉ አርሴኒክ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ላይ ይከማቻል፤ ከብት ደግሞ አመድ መላስ ይወዳል፣ በዚህ የሞቱ ከብቶች አሉ። የሠራተኞች ልጆች ቁርጥራጭ ለቅመው እንዳይወስዱ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ወይም ራሳችሁ ሰብስቡት። ሰጋቱራውን ለዶሮ ቤት አታንጥፉ። የነከራችሁበት በርሜልም ታጥቦ ለውሃም ሆነ ለጠላ አይመለስም፤ ጎኑ ላይ በቀለም ጻፉበትና ለዚሁ ሥራ ይቅር።